የድሮ ሞተር ሳይክል ቮልት ሲያንሰው፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ዓለም ገና ነው። ግቢዬ ውስጥ ሁለት አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ቆመዋል። አንዱ ከአጎቴ የወረስኩት ባለ 6 ቮልት ያማሃ ነው። ሁለተኛው ባለ 12 ቮልት ነው፤ በሐምሌ 2011 አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ላይ ገደብ ሲጣል ባለቤቱ “ምን ላድርገው?” ብሎ በርካሽ የለቀቀልኝ። መካኒክ አይደለሁም። ግን ከሰበታ፣ ከፉሪ፣ አንዳንዴም ከቡራዩ ድረስ ሞተር እየገፉ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ጥያቄያቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጻፍኩት።

አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ መብራቱ ግን አሁንም ሻማ ነው። ምን ሆኖ ነው?

ባትሪው ላይሆን ይችላል። እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ ላይ አልነበረም።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ባለ 6 ቮልት ሞተር ይዞ ከሰበታ መጣ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ ቀይሯል። “ጋሼ፣ ሁለቱም ፎርጅድ ናቸው” አለኝ። ቴስተሩን ባትሪው ላይ አደረግኩ፤ 6.3 ቮልት። ጤነኛ ነው። የፊት መብራቱን አብርቶ እንዲይዝልኝ ነገርኩትና አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ቆርቆሮ ላይ አስነካሁ። እዚያ መታየት ያለበት ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ቁጥር ነው። 1.4 ቮልት አሳየ።

ይህ 1.4 ቮልት ለአምፖሉ አልደረሰም ማለት ነው። በመንገድ ቀርቷል። ከኮርቻው ሥር የኔጌቲቩ ገመድ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ቡሎን ፈታሁት። ልጁ ሞተሩን ቀለም አስቀብቶት ነበር፤ ያውም በሁለት እጅ። ቀለሙ ቡሎኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይም ተቀብቷል። በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አድርጌ ብረቱ ብልጭ ሲል መልሼ አሰርኩት። መብራቱ ፏ አለ። ልጁ ለአፍታ ዝም አለና “የሁለት ባትሪ ብር!” አለ።

እና ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። ስትለኩ ደግሞ መብራቱ በርቶ ይሁን። ምንም ሳይበራ የተለካ ቮልት ብዙ ያታልላል፤ የላላ ገመድም የዛገ ቡሎንም ሥራ ከሌለበት ሙሉ ቮልት ያሳያል። ጉዱ የሚወጣው አምፔር ሲጎተትበት ነው።

ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ዲጂታል ቴስተር። ርካሹ ይበቃል፤ መርካቶ ሞልቷል። በተረፈ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ነጠላ ገመድ። አንድ የስቶፕ አምፖል ወስዳችሁ ሁለት ሽቦ በሊድ ብታያይዙበት ደግሞ እንደ ቴስተር ያገለግላችኋል። እንዲያውም አንዳንዴ ይበልጣል። ቴስተር ከራሱ ምንም አምፔር ስለማይጎትት አንድ ክር ብቻ የቀረውን ገመድ “ደህና ነው” ይላችኋል። አምፖሉ ግን ደብዝዞ እውነቱን ይናገራል።

ሞተሬ ባለ 6 ይሁን ባለ 12 ቮልት በምን አውቃለሁ?

የባትሪውን ክዳኖች ቁጠሩ። ሦስት ከሆኑ 6 ቮልት፣ ስድስት ከሆኑ 12 ነው። እያንዳንዱ ክፍል ወደ 2 ቮልት ይሰጣል። ድፍን ባትሪ ከሆነ አምፖሉ ቂጥ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አደራ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት የተሳሳተ አምፖል ገጥሞ ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሦስቱን አወዳድሩ። ባለ 6 ቮልት ሞተር ላይ ባለ 12 ቮልት አምፖል የተገጠመበት “የመብራት ችግር” አጋጥሞኛል። ሽቦውን ግማሽ ቀን ከፈታን በኋላ ነው ያየነው።

ባትሪው ራሱ ጤነኛ መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

በቻርጀር ሞልታችሁ ካነሳችሁት በኋላ ጥቂት ሰዓት ይረፍ፤ ቢያድር ደግሞ ይሻላል። ወዲያው ከለካችሁት ከፍ ብሎ ያሳያል። ከዚያ ባለ 12ቱ 12.6 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12 ላይ ከቆመ ብዙ አልቀረውም። ለባለ 6ቱ ግማሹን ያዙ፤ 6.3 ሙሉ፣ 6.1 ግማሽ፣ 6 ደግሞ የደከመ። ሞልታችሁት 10.5 ወይም 4.2 አካባቢ ከቆመ አንዱ ክፍል ሞቷል፤ እሱን መሸኘት ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን ሳታስነሱ የፊት መብራቱን ለሁለት ደቂቃ አብሩና ቁጥሩን እያያችሁ ቆዩ። ትንሽ ወርዶ ከቆመ ደህና ነው። ባለ 6ቱ ከ5.8 በታች፣ ባለ 12ቱ ከ11.6 በታች እየተንሸራተተ ከሄደ ባትሪው ቮልት ያሳያል እንጂ የሚሰጠው የለውም።

ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃውን እዩ። ሳህኖቹ መጋለጥ የለባቸውም። የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ዝናብም የጣሪያውን ጣጣ ይዞ ይመጣል። አሲድ አይጨመርም። የሚተነው ውሃው ነው፤ አሲዱ እዚያው አለ።

ቻርጅ ስታደርጉ የመኪና ቻርጀር አታያይዙበት። የትንሽ ሞተር ባትሪ 4 አምፔር ሰዓት ከሆነ 0.4 አምፔር ይበቃዋል፤ አሥረኛው ማለት ነው። ክዳኖቹን አላሉ፣ ቦታው አየር ያግኝ፣ ሲጋራ አጠገቡ አይደርስም። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ዳር ላይ ብርዱ ከመሀል ከተማው ይከፋል። ሱሉልታ ያለ ሰው ይመሰክራል። ባትሪ ሲበርደው የሚሰጠው ያንሳል። ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ቢለግም ወዲያው አትፍረዱበት፤ ፀሐይ ሲሞቀው እንደገና ለኩት።

ቮልቱ የት እንደሚቀር እንዴት ነው የምከታተለው?

የዚህ ገጽ ዋና ነገር ይኼ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በፊውዙ፣ በቁልፉ፣ መሪው ላይ ባለው ማብሪያ አልፎ አምፖሉ ይደርሳል። ከአምፖሉ ወጥቶ በሻንሲው በኩል ወደ ኔጌቲቩ ይመለሳል። በየመንገዱ የዛገ ቦታ ካለ እዚያ ኬላ ላይ ቮልት ይከፍላል። የእናንተ ሥራ ቀረጥ የሚበላውን ኬላ ማግኘት ነው።

መብራቱን አብሩ። ቴስተሩን የዲሲ ቮልት ላይ አድርጉት። ቀዩን ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያዙ። የባትሪውን ጫፍ እንጂ ገመዱ ላይ ያለውን ማያያዣ አትንኩ፤ አንዳንዴ ችግሩ በሁለቱ መካከል ነው። ጥቁሩን ጫፍ ወስዳችሁ አምፖሉ ኤሌክትሪክ የሚቀበልበት ነጥብ ላይ አስነኩ። የሚታየው ቁጥር በፖዘቲቩ መንገድ የጠፋው ጠቅላላ ቮልት ነው። ለባለ 12ቱ እስከ ግማሽ ቮልት ድረስ ይታለፋል። ለባለ 6ቱ ከ0.3 ካለፈ አልወደውም።

ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ጥቁሩን ጫፍ ወደ ባትሪው እያስጠጋችሁ ሂዱ። ከማብሪያው መውጫ፣ ከማብሪያው መግቢያ፣ ከቁልፉ መውጫ፣ ከቁልፉ መግቢያ፣ ከፊውዙ ማዶ፣ ከፊውዙ ወዲህ። በሆነ ነጥብ ላይ ቁጥሩ በድንገት ዝቅ ይላል። 0.9 የነበረው 0.2 ከሆነ 0.7ቱን የበላው በእነዚያ ሁለት ነጥቦች መሀል ያለው ነገር ነው። አገኛችሁት ማለት ነው።

ለመመለሻው መንገድም እንደዚያው። አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላው የአምፖሉ መያዣ። ከዚያ የመብራቱ ቆርቆሮ፣ መሪው፣ ሻንሲው፣ የሞተሩ ብረት። እያንዳንዱ ዝላይ ላይ ከ0.1 በላይ ከጨመረ ቆም በሉ። ጋራዥ ውስጥ ይህን መመለሻ “ማሳ” ይሉታል። የጤፉን ማሳ አይደለም፤ ከጣሊያን የቀረ ቃል ነው።

አንድ ቦታ በተለይ ጠርጥሩ፤ የመሪው አንገት። ብዙ አሮጌ ሞተር ላይ የፊት መብራቱ ግራውንድ (ያው ማሳው) የሚመለሰው መሪው በሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች በኩል ነው። እዚያ ደግሞ ግሪስ አለ። መሪውን ግራና ቀኝ ስታዞሩ መብራቱ ደመቅ ደብዘዝ ካለ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም። ከመብራቱ ቆርቆሮ ቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ አዲስ ገመድ ሳቡ። ከተማ ሄዳችሁ ከምትጠጡት ማኪያቶ አይበልጥም ወጪው።

ገመድ ከመሳባችሁ በፊት ለማረጋገጥ ያቺን አንድ ሜትር ተኩል ሽቦ ተጠቀሙ። አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ቆርቆሮ ላይ ያዙ። መብራቱ ከደመቀ ነገሩ አለቀ።

6 ቮልት ለምንድን ነው እንዲህ የሚያስቸግረው?

በሒሳብ ልንገራችሁ። 35 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ወደ 2.9 አምፔር ይጎትታል። በ6 ቮልት ያው 35 ዋት 5.8 አምፔር ነው። አሁን በመንገዱ ላይ አንድ የዛገ ማያያዣ ይኑር፤ 0.1 ኦም ብቻ። በባለ 12ቱ ወደ 0.3 ቮልት ይጠፋል። ከ12 ውስጥ አይታወቅም። በባለ 6ቱ ግን 0.58 ቮልት ነው የሚሄደው፤ ከመቶ አሥር ገደማ።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የክር አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይቀንስም። ቮልቱ በአሥር ከመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በሠላሳ ከመቶ ያህል ይወርዳል። ያ የሰበታው ልጅ 1.4 ቮልት ሲያጣ ከግማሽ ያነሰ ብርሃን ይዞ ነበር ማታ ማታ በኮረኮንች የሚነዳው። እንዲያው እግዜር ነው ያተረፈው።

ወደ 12 ቮልት ላስቀይረው?

ይቻላል። ግን አምፖልና ባትሪ መቀየር ብቻ የሚመስላቸው ይሸወዳሉ። የጀነሬተሩ ጥቅልል፣ ሬጉሌተሩ (ቮልቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚይዘው)፣ ክላክሱ፣ የፍሬቻው ሪሌ፣ አንዳንዴም ለካንዴላው ብልጭታ የሚሠራው ኮይል አብሮ ይነካል። የእኔ ሐሳብ፦ መጀመሪያ ያለውን መንገድ አጽዱ። ንጹሕ የሆነ 6 ቮልት ለሰፈር መንገድ በቂ ነው። ከጸዳ በኋላም ካልበቃችሁ ያን ጊዜ እንነጋገር። የቆሸሸ ሽቦ ላይ 12 ቮልት ብትጭኑበት የቆሸሸ 12 ቮልት ነው የሚሆነው።

ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ላይ ስንት ቮልት መታየት አለበት?

ሞተሩን አስነሱ፣ ነዳጅ ሰጥታችሁ መሀል ዙር ላይ ያዙት፤ 3,000 ወይም 4,000 አካባቢ። ባለ 12ቱ ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ ይሁን። ባለ 6ቱ ከ6.9 እስከ 7.3። ከቆመበት ቁጥር ምንም ካልተንቀሳቀሰ ቻርጅ አያደርግም።

በሚኒሞ ዙር መብራቱ ደከም ብሎ ነዳጅ ስትሰጡ መድመቁ በአሮጌ ሞተር የተለመደ ነው። ፍሬቻውም ቀይ መብራት ላይ ቆማችሁ ቢያዘግም አትደንግጡ። የድሮው ሪሌ በሙቀት የሚሠራ ስለሆነ ቮልት ሲያንሰው ይለግማል። የሚያሳስበው ነዳጅ ተሰጥቶትም ካልነቃ ነው።

ቻርጅ ካላደረገ ሁለት ቦታ እዩ። መጀመሪያ ጀነሬተሩ። ከሞተሩ የሚወጡትን ገመዶች ከሬክቲፋየሩ (የጀነሬተሩን ኤሲ ለባትሪው ወደ ዲሲ ከሚቀይረው ዕቃ) ንቀሉና ቴስተሩን የኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ሞተሩ እየሠራ ለኩ። ዙሩ ሲጨምር ቮልቱም አብሮ መውጣት አለበት። ካልወጣ ጥቅልሉ ወይም ገመዱ ተበጥሷል። ገመዱን ከጥቅልሉ ቀድማችሁ መርምሩ፤ ከሞተሩ ብረት የሚወጣበት ጎማ ጋ ይቀደዳል፣ ሰንሰለቱ አጠገብ ደግሞ ይፋቃል።

ጥቅልሉ ደህና ከሆነ ሬክቲፋየሩ ነው። ቴስተራችሁ ላይ የዳዮድ ምልክት አለ። በአንድ በኩል 0.5 ወይም 0.6 አካባቢ ማሳየት፣ ጫፎቹን ስታገላብጡ ደግሞ መዝጋት አለበት። በሁለቱም በኩል ካሳለፈ ወይም በሁለቱም ከዘጋ ሞቷል። በጣም የቆዩት ላይ ቀጫጭን ሳህኖች የተደረደሩበት የሴሌኒየም ሬክቲፋየር ታገኛላችሁ። እሱ ሲያረጅ ራሱ ቮልት ይበላል። በዘመናዊ የሲሊኮን ዳዮድ መተካት ቀላል ነው። ከተተካ በኋላ ግን ቻርጁን እንደገና ለኩ፤ ባትሪው ቀድሞ ያላየውን ቮልት ሊቀበል ይችላል።

ቀን ቀን ቻርጅ ያደርጋል፤ ማታ መብራት ሳበራ ግን ባትሪው ይወርዳል። ይኼስ?

ይኼን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ብዙ መካኒክ ያሳስታል።

በትንንሽ የጃፓን ባለ 6 ቮልት ሞተሮች ብዙዎቹ ላይ የመብራት ማብሪያው ሁለት ሥራ አለው። መብራቱን ያበራል፤ በዚያው ቅጽበት የጀነሬተሩን ተጨማሪ ጥቅልል ያገናኛል። ቀን ላይ ባትሪው እንዳይቃጠል በጥቂቱ ነው የሚሞላው። ማታ ጭነቱ ሲመጣ ሌላው ጥቅልል ይጨመራል። ታዲያ ማብሪያው ውስጥ ያለችው ያቺ ሁለተኛ መገናኛ ከቆሸሸች መብራቱ ይበራል፣ ተጨማሪው ኃይል ግን አይመጣም።

የእኔ ያማሃ ይኼ ነበረበት። ጀነሬተሩን አስጠግን ተብዬ ነበር። ማብሪያውን ፈትቼ ሳየው የመዳብ ምላሶቹ እንደ አሮጌ ሳንቲም ጠቁረው ጥቁር ግሪስ ተጋግሮባቸዋል። ቤንዚን በነካው ጨርቅ ጠረግኳቸው፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ አሸት አደረግኳቸው። የፈታሁት ጋዜጣ አንጥፌ ነበር። እናንተም አንጥፉ። ውስጡ ከምስር የማትበልጥ ኳስና ስፕሪንግ አለ። እኔ ኳሷን የግቢው ሣር ውስጥ ስፈልግ ነው የመሸብኝ።

ሞተሩ አድሮ ጠዋት ባትሪው ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ።

አንድ ቦታ ያፈስሳል። ቁልፉን ዝጉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጉ፤ ቀዩን ገመድ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ማዛወር አትርሱ። ከዚያ ቴስተሩን በተነቀለው ገመድና በባትሪው መሀል አስገቡት። ሰዓትና አላርም የሌለው አሮጌ ሞተር ላይ መታየት ያለበት ዜሮ ነው።

50 ሚሊ አምፔር እንኳ ካሳየ ቀላል አይደለም። 4 አምፔር ሰዓት ባትሪ በዚያ ፍጥነት በ80 ሰዓት ያልቃል፤ ሦስት ቀን ከምናምን። ሬክቲፋየሩን ንቀሉና እዩ፤ ብዙ ጊዜ ሌባው እሱ ነው። እሱ ካልሆነ ቁልፉ ሥር ያሉትን ገመዶች፣ ቀጥሎ የስቶፕ ማብሪያውን። የኋላ ፍሬን ፔዳል ላይ ያለው ስፕሪንግ ከተወጠረ ስቶፑ ሳይታወቅ በርቶ ያድራል። ግን ስቶፑ ቁልፍ ሲዘጋ የሚጠፋበት ሞተር ስላለ መጀመሪያ እሱን አረጋግጡ።

ቴስተሩን አምፔር ላይ ትታችሁ የባትሪውን ሁለት ጫፍ እንዳትነኩ። የእኔ የመጀመሪያ ቴስተር የሞተው እንደዚያ ነው።

አምፖል ቶሎ ቶሎ ይቃጠልብኛል። ይኼም የቮልት ማነስ ነው?

ተቃራኒው ነው፤ ግን መነሻው ያው የላላ ገመድ ሊሆን ይችላል። ሬጉሌተር በሌላቸው አሮጌ ሞተሮች ቮልቱን አደብ የሚያስይዘው ባትሪው ራሱ ነው። የባትሪው ማያያዣ ከላላ ወይም ፊውዙ ከተቋረጠ የጀነሬተሩ ኃይል ሄዶ የሚያርፍበት ያጣና አምፖሎቹ ላይ ያርፋል። የኋላው ሲቃጠል ጭነቱ ይቀንሳል፣ ቮልቱ ይወጣል፣ የፊቱም ይከተላል። ባትሪ አውጥቶ መንዳት የሚወድ ሰው ካለ ይህን ይስማ።

ፊውዙ እየተቃጠለ ስላስቸገረኝ የሲጋራ ብር ወረቀት ጠቀለልኩበት። ይሠራል፤ ችግር አለው?

አለው። ፊውዙ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛውን አባራችሁ በሩን ክፍት ተዋችሁት። አንድ ቀን ገመዱ ራሱ ፊውዝ ይሆናል፤ ከላዩ ደግሞ ቤንዚን አለ። የተጻፈውን አምፔር ግጠሙና የሚያቃጥለውን ፈልጉ። የፊውዙን መያዣም እዩ። የመስታወት ፊውዝ የሚይዙት ሁለቱ ምላሶች ሲላሉ ቮልት ይበላሉ፤ ጣታችሁን ስታስነኩ ይሞቃሉ። የሚሞቅ ማያያዣ ሁሉ ቮልት እየበላ ያለ ማያያዣ ነው። ቴስተር ለሌለው ሰው ጣት ጥሩ መሣሪያ ነው።

ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠፋል። ቮልት ስላነሰው ነው?

ብልጭታውን ከየት እንደሚያገኝ ይወሰናል። ማግኔቶ ከሆነ ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው የሚሽከረከረው ማግኔት ነው፤ ባትሪው ቢሞትም ይነሳል። ባትሪና ኮይል ከሆነ ግን ቮልት ሲያንስ ብልጭታው ይደክማል፤ በተለይ በእግር ስትረግጡት። ኮይሉ ላይ ቁልፍ ተከፍቶ የሚደርሰውን ቮልት ለኩ። ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ ቁልፉንና የማጥፊያውን ማብሪያ አጽዱ።

ለመብራቱ መድከም ምንም ምልክት ከሌለ ግን ኤሌክትሪኩን ተዉት። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ሩብ ያህል ይሳሳል። ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ጉዳዩ የካርቡሬተር ነው።

ገመዱ ፖዘቲቩ ነው ከሻንሲው ጋር የታሰረው። ተሳስተው ነው?

ምናልባት አይደለም። የድሮ የእንግሊዝ ሞተሮች፣ ትራያምፍና ቢኤስኤን ጨምሮ፣ ብዙዎቹ ፖዘቲቩን ነው ግራውንድ የሚያደርጉት። “ላስተካክል” ብላችሁ ብታገላብጡት ዳዮዱን ታቃጥላላችሁ። ኤልኢዲ አምፖል ስትገጥሙም ይህን አስቡ፤ የክር አምፖል አቅጣጫ አይመርጥም፣ ኤልኢዲ ይመርጣል።

ከክረምት በኋላ ሁሉም ነገር አብሮ ይበላሻል። ምን ላድርግ?

በጋ ላይ የኮረኮንቹ አቧራ ማያያዣዎቹ ውስጥ ይገባል። ሰኔ ላይ ውሃ ይጨመርበታል። መስከረም ላይ አረንጓዴ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በየማያያዣው ነቅላችሁ አጽዱ፣ ደረቅ ሲሆን ቀጭን ቫዝሊን ቀቡና መልሱት። መጀመሪያ ብረት ከብረት ይገናኝ፣ ቫዝሊኑ ከላይ ውሃ ይከልክል።

ላቫጆ ስትወስዱት ደግሞ ልጁን “ወንድሜ፣ ከመብራቱና ከኮርቻው ሥር ፕሬሸሩን አታድርስብኝ” በሉት። እሺ ይላችኋል፤ ግን ቁሙና እዩ።

ተጠማዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ ካገኛችሁ ፍቱት። ከውጭ ጤነኛ ይመስላል፣ ውስጡ ዱቄት ነው። ጠቁሮ የሚንኮሻኮሸውን ያህል ቆርጣችሁ ንጹሑ መዳብ ላይ ስትደርሱ በካውያና በሊድ አያይዙት።

መቼ ነው ለባለሙያ የምሰጠው?

ጥቅልሉ ከተቃጠለ። እሱን እንደገና የሚጠቀልሉ ሰዎች አሉ፤ ዲናሞ የሚጠቀልሉት ማለቴ ነው። ጥቅልሉን ሳትፈቱ ውሰዱላቸው፤ ዙሩን የሚቆጥሩት ከአሮጌው ነው። ለአሮጌ ሬክቲፋየር፣ ለማብሪያና ለመብራት መያዣ ሶማሌ ተራ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መዞር ያዋጣል። የተነቀለውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። በስም ከጠየቃችሁ “አለ” ይሏችኋል፤ ስታዩት ግን ሌላ ነው።

ለአውቶ ኤሌክትሪሺያን ስትሰጡ “ቮልት ያንሰዋል” ብቻ አትበሉ። የለካችሁትን በወረቀት ጻፉለት፤ ባትሪው ቆሞ ስንት፣ መብራት በርቶ ስንት፣ ሞተሩ ሲሠራ ስንት፣ አምፖሉ ጋ ስንት። እኔ ወረቀቱን ኮርቻው ሥር በናስትሮ እለጥፈዋለሁ።